በኢንተርኔት በሚካሄድ የውሳኔ አሰጣጥ ጥናት ላይ ሲሳተፉ፦ መልስዎ እንዳይጣል፣ ልፋትዎም እንዳይባክን

ሰው እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ተሳታፊውን ቤተ ሙከራ ድረስ ሲጠሩ አጠገቡ አንድ ረዳት አይጠፋም። ረዳቱ በሩን ይዘጋል፣ ስልክ ያስጠፋል፣ ወንበሩን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል፣ መመሪያው ያልገባው ሰው ሲኖርም ቀርቦ ያስረዳል። ጥናቱ በሊንክ ሲመጣ ይህ ረዳት የለም፤ ሥራው በተሳታፊው ላይ ይወድቃል። መልስ የሚጣልባቸውና ክፍያ የሚከለከሉ ሰዎች ሁሉ አጭበርባሪዎች እንዳይመስሉዎት። ብዙዎቹ የረዳቱን ሥራ ማን እንደሚሠራው ሳያስቡ የጀመሩ ናቸው።

ከመስማማትዎ በፊት የሚነበበው

የመጀመሪያው ገጽ የስምምነት ቅጽ ነው። ሳያነቡት “እስማማለሁ” የሚለውን የሚጫኑ ብዙ ናቸው፤ ያልፋሉም፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚመለሱበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ጥናቱን የሚያካሂደው ተቋም፣ የኃላፊው ተመራማሪ ስምና የተቋም ኢሜይል፣ ጥናቱን የመረመረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አድራሻ ወይም የፈቃድ ቁጥር፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ክፍያው፣ መረጃዎ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው፣ እንዲሁም አቋርጦ የመውጣት መብትዎ መስፈር አለባቸው። ይህ አሠራር በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሰዎች ለሚሳተፉበት ምርምር ሦስት መርሆች አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው ለሰው ክብር መስጠት ነው፣ አውቆና ፈቅዶ መግባትም ከእሱ የሚመነጭ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መረጃዬን አሳዩኝ፣ አጥፉልኝ ለማለት መንገድ ከፍቷል።

አቋርጦ መውጣት ሲባል አንድ ነገር ይለዩ። መስኮቱን መዝጋትና ከጥናቱ መውጣት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ እስከዚያች ደቂቃ የመለሱት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። እንዲጠፋ ከፈለጉ የተሳታፊ መለያ ቁጥርዎን ጠቅሰው መጻፍ ይኖርብዎታል። ቅጹ “መረጃው ስም አልባ ነው” የሚል ከሆነ ወይም ለመውጣት የጊዜ ገደብ ካስቀመጠ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ የትኛው መልስ የእርስዎ እንደሆነ ተመራማሪውም ለይቶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቅጹንና መለያ ቁጥሩን ገና ሲጀምሩ ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡ። ብዙ ጥናት ይህን ገጽ እንደገና አያሳይም።

የማጭበርበር ምልክቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። እውነተኛ ጥናት ለመሳተፍ ገንዘብ አያስከፍልም፣ የባንክ የይለፍ ቃል ወይም የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፣ ኮምፒውተርዎን ከሩቅ የሚቆጣጠር ፕሮግራም አያስጭንም። ክፍያ ለመላክ ኢሜይል ወይም የሒሳብ ቁጥር ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን የተመራማሪውን ስም በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው፣ እዚያ ባገኙት አድራሻ ይጠይቁ። ግብዣው ላይ የተጻፈው አድራሻ ለማጣሪያ አይሆንም፤ አጭበርባሪውም አድራሻ መጻፍ ያውቃል።

ከስምምነቱ በፊትም ሆነ በኋላ የማጣሪያ ጥያቄ ይመጣል፦ ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ቋንቋ፣ የማየት ችግር፣ የቀለም መለየት ችግር፣ የሚወስዱት መድኃኒት። “የሚፈልጉት ምን ዓይነት ሰው ይሆን?” ብሎ መገመት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ያው ጥያቄ ጥናቱ መሀል ወይም መጨረሻ ላይ በሌላ አነጋገር ሊመጣ ይችላል፣ ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙም መረጃው ሊጣል ይችላል።

ኮምፒውተሩንና ክፍሉን ማሰናዳት

ጥናቱ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከጠየቀ በስልክ ለመግባት አይሞክሩ። አንዳንዱ ጥናት የሚለካው የመረጡትን ብቻ አይደለም፤ ለመምረጥ የፈጀብዎትን ጊዜም በሚሊሰከንድ ይይዛል። የተለመደው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ አንዱ እድሳት ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሃያ ገጽ ከከፈቱ፣ ቪዲዮ እየወረደ ከሆነ ወይም ላፕቶፑ ባትሪ ቆጣቢ ላይ ከሆነ ምስሉ ዘግይቶ ይወጣል፣ መዘግየቱም በእርስዎ ስም ይመዘገባል። ቻርጀር ይሰኩ፣ ሌሎቹን ገጾች ይዝጉ፣ በሽቦ የሚሠራ ኪቦርድና ማውስ ካለዎት ብሉቱዙን ይተዉት።

ብሮውዘሩ ላይ የሚደረጉ ማስተካከያዎች ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። ማስታወቂያ ማገጃው አንዳንዴ የጥናቱን ፕሮግራም አብሮ ያግዳል፤ ነጭ ገጽ ብቻ ከታየዎት መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። ቪፒኤን (የኢንተርኔት መግቢያ ቦታን የሚቀይር ፕሮግራም) ያለበት ኮምፒውተር ከሌላ አገር እንደገባ ሊቆጠርና በር ላይ ሊመለስ ይችላል። በግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ከገቡ መስኮቱ ሲዘጋ የነበሩበት ቦታ ይጠፋል።

የብሮውዘሩን ራስ ሰር ትርጉም ማጥፋት ግን ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። በውሳኔ ጥናት ውስጥ የአነጋገሩ ቅርጽ ራሱ የሚጠናው ነገር ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ተቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ሥራ 600 ሰዎችን ያሰጋ በሽታ መላምት አቅርበው ነበር። ለአንዱ ቡድን የመጀመሪያው ምርጫ “200 ሰዎች ይድናሉ” ተብሎ፣ ለሌላው “400 ሰዎች ይሞታሉ” ተብሎ ተጻፈ። ስሌቱ አንድ ነው፤ የሰዎቹ ምርጫ ግን ተገለባበጠ። ማሽን “ይድናሉ” የሚለውን “አይሞቱም” ብሎ ቢተረጉምልዎት እርስዎ የመለሱት ሌላ ጥያቄ ነው። ቋንቋው የሚከብድዎ ከሆነ በጥናቱ አለመሳተፍ ይሻላል።

አንዳንድ ጥናት የባንክ ካርድ ወደ ስክሪኑ አስጠግተው የሥዕሉን መጠን ከካርዱ ጋር እንዲያስተካክሉ ይጠይቃል። አይደንግጡ። የካርዱ መጠን የትም ቢሄዱ አንድ ነው፤ 85.6 በ54 ሚሊሜትር ያህል። ፕሮግራሙ በዚህ የስክሪንዎን ስፋት ያሰላል። ካርዱን በጀርባው ያዙሩት፤ ቁጥር መጻፍም ካሜራ መክፈትም አያስፈልግም፣ ከተጠየቁ ያቁሙ። ከዚህ በኋላ የገጹን መጠን ማጉላትና ማሳነስ ልኬቱን ያበላሻል፤ ዙሙ 100 በመቶ ላይ ይቆይ፣ ወንበሩም አይነቃነቅ።

ጊዜ ሲመድቡ በግብዣው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ያህል ይጨምሩ። 30 ደቂቃ ከተባለ 45 ደቂቃ የማይረበሹበት ጊዜ ይፈልጉ። የተጻፈው ቁጥር ግምት ነው፤ መመሪያ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ከግምቱ ያልፋል፣ ማለፉም ነውር የለውም።

መመሪያውና የመረዳት ጥያቄዎቹ

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” የሚባለው ለዚህ ክፍል ነው። ውሳኔዎቹ ከጀመሩ በኋላ መመሪያውን ዳግም ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ወረቀት ይያዙና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የትኛው ቁልፍ ምን ማለት ነው? ነጥብ ወደ ገንዘብ የሚቀየረው በስንት ነው? የሚከፈለው የትኛው ውሳኔ ነው?

ቅሬታ የሚበዛው በሦስተኛው ነው። ብዙ ጥናት 20 ወይም 30 ውሳኔ ያስወስንና አንዱን ብቻ በዕጣ አውጥቶ ይከፍላል። በ100 ነጥብ 1.00 የሚከፍል ጥናት ላይ 20 ውሳኔ ወስነው በዕጣ የወጣው ውሳኔ 250 ነጥብ ያስገኘው ከሆነ ጉርሻዎ (ከመደበኛው ክፍያ በላይ የሚታከለው ገንዘብ) 2.50 ነው። የሃያውንም ነጥብ ደምረው የሚጠብቁ ሰዎች ተበድለናል ይላሉ። አሠራሩ ለተንኮል የተዘጋጀ አይደለም፤ የትኛው እንደሚወጣ ስለማይታወቅ እያንዳንዱን ውሳኔ የሚከፈለው እሱ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ ያዋጣል። ጥናቱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ “ሀ 40 ቢልክ ለ ስንት ይደርሰዋል?” ዓይነት የመረዳት ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ትክክልና ስህተት አለ፣ የመሞከሪያው ቁጥርም የተወሰነ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚፈቅድ ጥናት ብዙ ነው። በመጀመሪያው ከተሳሳቱ ቸኩለው ሌላውን ምርጫ አይጫኑ። ተመልሰው መመሪያውን ያንብቡ፣ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ያስሉ።

ሥራዎቹ ምን ይመስላሉ?

እዚህ ጋ አንድ መስመር ይሰመር። ትኩረትዎና መረዳትዎ ይመዘናል፤ ምርጫዎ ግን የራስዎ ነው። ብልህ፣ ለጋስ ወይም ደፋር ሆኖ ለመታየት የተመረጠ ምርጫ ለጥናቱ ዋጋ የለውም።

የዕጣ ዝርዝር በጣም የተለመደ ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ሆልትና ሎሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት አሥር ረድፍ አለው። በእያንዳንዱ ረድፍ ዕጣ ሀ 2.00 ወይም 1.60 ዶላር፣ ዕጣ ለ ደግሞ 3.85 ወይም 0.10 ዶላር ይሰጣል፤ ትልቁን የማግኘት ዕድል በመጀመሪያው ረድፍ ከአሥር አንድ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች በአንድ በአንድ ይጨምራል። ብዙ ሰው ከላይ ሀን እየመረጠ ወርዶ የሆነ ቦታ ላይ ወደ ለ ይሻገራል። የት መሻገር እንዳለብዎት ማንም አይነግርዎትም፣ እኛም አንነግርዎትም፤ የሚለካው እሱ ነው። ሆኖም ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሀ እየተመላለሱ መምረጥ ሳያነቡ እንደተጫኑ ያስቆጥራል። አሥረኛው ረድፍ ላይ ደግሞ ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ሀ በእርግጠኝነት 2.00፣ ለ በእርግጠኝነት 3.85 ነው። እዚያ ሀን የመረጠ ሰው ሰንጠረዡን አላየውም።

ዋጋ እንዲጽፉ የሚጠየቁበት ሥራ ሰዎችን ከሁሉ በላይ ያሳስታል። “ይህን ዕቃ ቢያንስ በስንት ይሸጣሉ?” ይባላሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ በዕጣ አንድ ዋጋ ያወጣል። የወጣው ከጻፉት እኩል ወይም በላይ ከሆነ በወጣው ዋጋ ይሸጣሉ፤ ካነሰ ዕቃው ይቀርልዎታል። ሰው እንደ ገበያ ድርድር ያየውና ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ዕቃው ለእርስዎ 50 የሚያወጣ ሆኖ ሳለ 80 ጻፉ እንበል። ዕጣው 65 ቢወጣ አልሸጡም፤ 65 ማግኘት ሲችሉ 50 የሚያወጣ ዕቃ ይዘው ቀሩ። የጻፉት ቁጥር የሚወስነው መሸጥ አለመሸጥዎን ብቻ ስለሆነ፣ የሚሸጡበትን ዋጋ ከፍ አያደርገውም። እውነተኛውን ቁጥር መጻፍ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ከሌላ ሰው ጋር የሚደረጉ ጨዋታዎችም አሉ። በአንደኛው አንዱ ገንዘብ ያካፍላል፣ ሌላው ይቀበላል ወይም ይጥለዋል፤ ከጣለው ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በሌላው የላኩት ገንዘብ ሦስት እጥፍ ሆኖ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል፣ ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚወስነው እሱ ነው። “ያ ሰው በእርግጥ አለ?” ብሎ መጠርጠር ያለ ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ተሳታፊን አለማታለልን ሕግ አድርገው ይዘውታል። በሥነ ልቦና ጥናት ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ከፈቀደና መጨረሻ ላይ እውነቱ ከተነገረ ማታለል ይቻላል። እርስዎ ለይተው ማወቅ ስለማይችሉ ሰው እንዳለ ቆጥረው ይወስኑ።

ጨዋታው በቀጥታ ከሆነ መጀመሪያ የመጠበቂያ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ገጽ ላይ እያሉ ወደ ሌላ መስኮት አይሂዱ፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ ይክፈቱት፤ ጥንድ ሲገኝ የሚሰጥዎት ጊዜ በጣም አጭር ነው። መሀል ላይ ከወጡም ጉዳቱ ከእርስዎ ጋር ለተጣመረው ሰውም ይተርፋል።

ፊኛ እየነፉ ነጥብ የሚሰበስቡበት ወይም ከአራት የካርታ ክምሮች ደጋግመው የሚመርጡበት ሥራ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ የካርታው በተለምዶ 100 ምርጫ አለው። ከውጤቱ እየተማሩ መሄድዎ ነው የሚታየው። ስለ ሥራው ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ከገቡ የሚለካ ነገር አይቀርም። አሰልቺ ሲሆንብዎ አንዱን ቁልፍ በተከታታይ መጫን ይመጣል፤ በክፍሎቹ መካከል የተፈቀደ ዕረፍት ካለ ይውሰዱት፣ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። ፍጥነት በሚጠየቅበት ሥራ ደግሞ ጣቶችዎን ከመጀመሪያው ቁልፎቹ ላይ ያሳርፉ። ከ200 ሚሊሰከንድ በታች የመጣ መልስ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ዓይን አይቶ እጅ ለመምረጥ የማይበቃ ጊዜ ስለሆነ ግምት ተደርጎ ይቆጠራል። ሲሳሳቱ ቆም ብለው አይቆጩ፣ ይቀጥሉ።

ጥያቄውን ከዚህ በፊት የሚያውቁት ከሆነስ? ፍሬድሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተማቸው፣ መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው መልስ የሚያሳስትባቸው ሦስት የማሰላሰል ጥያቄዎች ብዙ ቦታ ዞረዋል። “ይህን ጥያቄ አይተውት ያውቃሉ?” ከተባሉ አዎ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ክፍያ አያስቀንስም፣ ተመራማሪውን ግን ከስህተት ያድነዋል።

የትኩረት መፈተሻዎች

በረጅም አንቀጽ መሀል “ከታች ያለውን ጥያቄ ይተዉት፣ ‘ምንም’ የሚለውን ይምረጡ” የሚል ትእዛዝ ሊደበቅ ይችላል። ወይም በሰንጠረዥ መካከል “ለዚህ ረድፍ ‘በጣም አልስማማም’ን ይጫኑ” ይባላል። ማለፊያው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ማንበብ። ወጥመድ ብቻ እየፈለጉ ሌላውን መዝለል ግን አያዋጣም፤ በአንድ ገጽ ላይ የቆዩበት ጊዜ ይመዘገባል፣ ሃያ ጥያቄ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ተጭኖ መውረድም በግልጽ ይታያል።

በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስጽፎ መለጠፍ በብዙ ጥናት መልስ ያስጥላል። ጥናቱ የሚጠይቀው ሰው ለምን እንደወሰነ ነው። በፊደል ስህተት የተሞሉ ሁለት የራስዎ ዐረፍተ ነገሮች ከአንድ ያማረ ገጽ ይበልጣሉ። መለጠፍን የሚመዘግብ ፕሮግራምም አለ፤ ስለዚህ ከራስዎ ማስታወሻ እንኳ ገልብጠው አይለጥፉ፣ እዚያው ይጻፉት።

ሲበላሽ

ገጹ ከቆመ የመጀመሪያው ስሜት ሪፍሬሽ ማድረግ ነው። ይጠብቁ። አንድ ደቂቃ ያህል ታግሠው፣ ስክሪንሾት አንሥተው፣ ኢንተርኔቱ መኖሩን በስልክዎ አረጋግጠው፣ ከዚያ ነው ሪፍሬሽ የሚደረገው። አንዳንዱ ፕሮግራም ካቆሙበት ይቀጥላል፤ ሌላው ግን ከመጀመሪያው ሲጀምር ወደ ሌላ ቡድን ሊመድብዎት ይችላል። ያኔ ሁለቱንም የጥናቱን ገጽታ አይተዋልና መልስዎ አይጠቅምም። ከመጀመሪያው እንደጀመረ ካዩ አቁመው ይጻፉ። የኋላ ቁልፍንም አይንኩ።

መጨረሻ ላይ የማጠናቀቂያ ኮድ ይሰጣል፣ ወይም ገጹ በራሱ ወደ መጡበት ይመልስዎታል። መስኮቱን ቀድሞ መዝጋት ጨርሶ ያለመጨረስ ያህል ይቆጠራል። ኮዱን ከማስገባትዎ በፊት ሌላ ቦታ ይገልብጡት። ኮዱ ካልመጣ የፈጠራ ኮድ አያስገቡ፤ ይልቅ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

“የተሳታፊ መለያ ቁጥሬ ይህ ነው። ጥናቱን በዚህ ቀንና ሰዓት ጀምሬ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደርሻለሁ። ‘ቀጥል’ን ስጫን ነጭ ገጽ መጣ፣ ኮድ አልታየኝም። የተጠቀምኩት ብሮውዘርና ኮምፒውተር ይህ ነው። ስክሪንሾት አያይዣለሁ። መልሴ ተመዝግቦ እንደሆነ ቢያዩልኝ።”

ተመራማሪው መለያ ቁጥርና ሰዓት ካገኘ መረጃውን በቀላሉ ይፈልገዋል፤ “ገንዘቤን አልከፈላችሁኝም” ብቻ ከተባለ የሚፈልግበት የለውም። ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚዘገየውም ጉርሻ የሚሰላው ሁሉም ተሳታፊ ከጨረሰ በኋላ ሲሆን ነው፤ ቅጹ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አይጨነቁ። ካለፈና ለኢሜይልዎ መልስ ካጡ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይጻፉ፤ አድራሻው ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ለዚህ ነው። መሀል ላይ ሐሳብ ከቀየሩ ግን በዘፈቀደ ተጭነው ከመጨረስ ተሳትፎዎን በራስዎ መሰረዝ ይሻላል። በራስ መውጣት ብዙ ጊዜ ነቀፋ አያመጣም፣ ተቀባይነት ያጣ መልስ ግን ስምዎ ላይ ይቀራል።

ከማጠናቀቂያው በፊት ወይም በኋላ የሚመጣውን ማብራሪያ ያንብቡ። የተደበቀ ነገር ከነበረ እዚህ ይነገራል፣ ካወቁ በኋላ መረጃዎን የማስወጣት ዕድልም ሊሰጥዎት ይችላል። “ጥናቱ ስለ ምን ይመስልዎታል?” የሚል ሳጥን ካለ የጠረጠሩትን በግልጽ ይጻፉ። ያነበቡትን ገና ላልተሳተፈ ሰው አይንገሩ፤ እሱም የሚገባው እርስዎ እንደገቡት ሳያውቅ ነው።

ጥናቱ ሁለተኛ ዙር ካለው የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ ቀኑን ይመዝግቡ፤ መግቢያው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሲመለሱም በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ብሮውዘር፣ በዚያው መለያ ቁጥር ይግቡ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዙር መልስዎ ከሁለተኛው ጋር ላይገጣጠም ይችላል።